ይርጉ በረኛው

ይርጉን ኳስ ያስተማረው ሰው ሳይሆን ቃጫ ነው። የዲላ የቡና መጋዘኖች በሚቀዘቅዙበት ወራት ተሸካሚዎቹ የእንሰት ቃጫ አጥብቀው ይጠቀልሉና በገመድ ቀፍድደው፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ጨፌ ላይ ይራገጣሉ። የቃጫ ኳስ አይነጥርም። መሬት ከነካ ጭቃውን ጠጥቶ ድንጋይ ያህላል። ስለዚህ ዋናው ጥበብ አየር ላይ እንዳለ ዘሎ መቅለብ ነው። የቀለበ ሰው ማንም ሳይነካው እንደልቡ ይለጋዋል። ይርጉ ደግሞ ቁመቱ መለሎ፣ መዳፉ ሰፌድ የሚያህል፣ ከመኪና ላይ የተወረወረለትን ጆንያ በደረቱ ተቀብሎ የሚደረድር ጎረምሳ ነበር። እሱ ባለበት ሌላው የሚቀልበው እሱ የተወለትን ብቻ ነው።

ጣሊያን ከተማዋን በያዘ በሦስተኛው ዓመት የስንቅ ግምጃ ቤቱ ሹም ማሬሻሎ ሩፊኒ የአገሬውን ሰው ቡድን ላቋቁም ብሎ ተነሣ። ነጭ ከጥቁር ጋር አንድ ሜዳ ላይ እንዳይጫወት ተከልክሏልና ቡድኑ የሚገጥመው ከየጦር ሰፈሩ የሚመጡ አስካሪዎችን፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮችን ነው። ለተመረጠ ሰው ማልያ፣ ጫማና የወር ደመወዝ አለው ተባለ።

«በኳስ ደመወዝ?» አሉ እናቱ ወይዘሮ ወርቂቱ፣ ጨውና አቡጀዲ ከሚቸረችሩባት ደጃፍ ላይ ሆነው። «ጅብ ሲያባርርህ በነፃ ትሮጥ የለም እንዴ?»

«ጅብ ማልያ አይሰጥም፣ እማዬ።»

በፈተናው ቀን አጥቂ አድርገው አቆሙት። ከቆዳ የተሰፋ ኳስ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ኳሱ ከሩቅ ተለግቶ መጣ። ይርጉ ከሁለት ሰው ትከሻ በላይ ተነሥቶ በሁለት እጁ ቀለበውና አቅፎ ወረደ፤ ተረጋግቶም እንደልቡ ለጋው። ከዚያ ሰው እንዲያመሰግነው ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ፊሽካ ተነፋ። ማሬሻሎው ሆዱን ይዞ ሣቀ።

«በእጅ አይነካም ይልሃል» አለው አስተርጓሚው ሠረቀብርሃን፣ ከሰሜን መጥቶ ዲላ የከረመ ጎልማሳ ነው።

«ታዲያ እጄን ምን ላድርገው ጋሼ? ቤት ትቼው ልምጣ?»

«እጅ የተፈቀደለት እዚያ እንጨቶቹ መሀል የሚቆመው ሰው ብቻ ነው።»

«እህ! እሱን አድርጉኛ!»

አደረጉት። በዚያ በጋ ከወናጎም ከይርጋለምም የመጣ ቡድን በይርጉ በር ጎል ሳያገባ ተመለሰ። የአሪቻ መንደር ሰው ሳይቀር በእግሩ እየመጣ ሜዳውን ይከብ ጀመር። ይርጉ ጆንያ መሸከሙን ተወ፤ የእናቱን ቤት ጣራ አደሰ። ኳስ እንጀራው ሆነ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ደህና ሲሄድ ኮሎኔል ይመጣል ተባለ። ማሬሻሎው ተጫዋቾቹን ሰብስቦ፣ ከጨዋታው በኋላ ኮሎኔሉ ሽልማት ሲሰጥ እያንዳንዱ ሰው ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የፋሺስት ሰላምታ ይስጥ አለ። እምቢ ያለ ማልያውን ያወልቃል።

የይርጉ አባት ገሪማ፣ ጣሊያን በገባ ሰሞን ገበያ መሀል ያንን ሰላምታ ሳይሰጡ ቀርተው ተገርፈዋል። ወገባቸው ሳይቃና በዓመታቸው አረፉ። ይህን ዲላ ያውቃል፤ ማሬሻሎው ግን አያውቅም።

ይርጉ ማታውን ለእናቱ ነገራቸው። ወይዘሮ ወርቂቱ ጨው የሚሰፍሩበትን ጣሳ አስቀመጡ።

«ደመወዙ ይቀራል» አለ ይርጉ።

«ሳይመጣም ኖረናል» አሉ።

ጨዋታው ካፊያ ላይ ሆነ። አስካሪዎቹ ብርቱ ነበሩ፤ ዲላዎች ግን በአንድ ጎል መሩ። ሊያልቅ ሲል አስካሪዎቹ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። መቺው አክርሮ ለጋ። ይርጉ በጎኑ ተወርውሮ ኳሱን ከነጭቃው ደረቱ ላይ አጣበቀው። ሰዉ ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ኮሎኔሉ ሳይቀር አጨበጨበ።

ከዚያ ተሰለፉ። ኮሎኔሉ እያለፈ ሲመጣ እጆች አንድ በአንድ ተነሡ። ይርጉ ዘንድ ሲደርስ የይርጉ እጆች ከጎኑ አልተነቃነቁም። ማሬሻሎው ፊቱ ቀላ።

ሠረቀብርሃን ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ፣ «ወንድሜ፣ አንሣና አውርዳት። ምንህ ይቀነስብሃል?»

«አባዬ ወገባቸው ተቀንሷል ጋሼ።»

ማልያውን ከላዩ ገፈፈው። ጫማውንም ፈታ። ማልያውን አጥፎ ማሬሻሎው እግር ሥር አኖረው፣ ጫማውን ላዩ ላይ ደረበና በባዶ ደረቱ ካፊያው ላይ ቆመ። ማሬሻሎው በጥፊ አለው። ሁለት ወታደሮች ክንዱን ያዙት።

የቡድኑ አምበል ግዛቸው ይሄኔ የዘረጋውን እጁን አወረደ። «በል እንግዲህ፣ ይቺም ትጨመር» ብሎ የራሱን ማልያ አወለቀ። ቀጥሎ ተከላካዮቹ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ሁለት ሰዎች ብቻ አላወለቁም፤ ልጆች ነበሯቸውና ማንም አልወቀሳቸውም። ኮሎኔሉ ከነሽልማቱ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ሌሎቹን አባረሯቸው። ይርጉን ግን አስረው፣ ወደ ቡሌ የሚወጣውን መንገድ ከሚሠሩት እስረኞች ጋር ድንጋይ ያስፈልጡት ጀመር። ብርድ ነው፣ ዳገት ነው፣ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። ማሬሻሎው በበኩሉ አዲስ ቡድን ሰበሰበ። አዲሱ በረኛ ቆሞ ጎል የሚቆጥር ሆነ፤ ወናጎዎች ሳይቀሩ ደበደቧቸው።

አንድ ቀን ሠረቀብርሃን በበቅሎ ወደ መንገዱ ሥራ መጣ። ይርጉ መዶሻውን ሳያስቀምጥ ከወገቡ ቀና አለ።

«ማሬሻሎው ይፈታሃል» አለው ሠረቀብርሃን። «ማልያህንም፣ ደመወዝህንም ይመልስልሃል። ሰው ፊት መሆኑም ቀርቷል። ቢሮው ገብተህ፣ በር ተዘግቶ፣ አንዴ ብቻ እጅህን ታነሣለታለህ።»

«እንዴ! ሰው ፊት ያላነሣሁትን ተደብቄ ላነሣው?»

«አስብበት እንጂ አንተ ልጅ! ኳስህ እኮ ነው። እንጀራህ ነው።»

ይርጉ አሰበበት። ውሸት አይደለም፣ ያ ሜዳ ይናፍቀዋል፤ እንቅልፍ ውስጥ ሳይቀር ይወረወራል። ከዚያ ዞሮ ገና ያልተነካውን ዳገት አየና፣

«እንዲህ በሉት» አለ፣ «የቡሌ መንገድ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ሥራ አልፈታሁም።»

ሠረቀብርሃን ሣቅ ሲያመልጠው ዘበኛው እንዳያየው አፉን በጋቢው ሸፈነ። በቅሎውን አዞረና ቁልቁል ወረደ። ይርጉ መዶሻውን አነሣ።