እትየ የሻረግና ሁለቱ የጨዋታ ሕጎች

የምታውቋቸው ሁሉ ስሙኝ። በደብረ ታቦር ለረጅም ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማሩት መምህርት የሻረግ ከዚህ ዓለም ተለይተውናል፤ ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። በቀብሩ ላይ የጨዋታ ክበቡ ሊቀ መንበር «ጨዋታውን ያዘመኑልን እናት» እያለ ሲያወድሳቸው ደሜ ፈላ። ከክበቡ ያባረራቸው እሱ ነው። ይህን ሳልናገር ዝም ብዬ አልቀመጥም።

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር የመጣሁት ቅኔ ልማር ነበር። እትየ የሻረግን ያወቅኋቸው በክበቡ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚያጫውቱት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ከውጭ የመጣ ነው፤ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቻችን የታሪኩን ሰዎች ሆነን የምናደርገውን እንናገራለን፣ የሚያጠራጥረውን ተጥሎ ነጥቡ የሚቆጠረው ዳይስ ይወስነዋል። እትየ የሕጉን መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ራሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው ታሪኩን ወደ ጉና አምጥተውት ነበር። በጨዋታው እኔ ሽፍታ የሚያሳድደው የይፋግ ነጋዴ ነበርሁ።

ያ እትም ቀጭን ነበር። ወንዝ ልዝለል ካልሁ ዳይስ እጥላለሁ፤ የወጣው ለነጋዴዬ ጉልበት ከተሰጠው ቁጥር ካልበለጠ ተሻገርሁ፣ ከበለጠ ወደቅሁ። አለቀ። እትየ ነጥቦቹ በጣት የሚዳሰሱ የወይራ ዳይስ አናጺ ዘንድ አሠሩልኝ። የመጀመሪያ ቀን ስፈራ ጊዜ «እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚያይ ሰው የለም፤ ሁላችንም ያሰብነውን ነው የምንናገረው» አሉኝ።

ከዓመታት በኋላ አዲሱ እትም መጣ። ወፍራም መጽሐፍ ነው። ያችኑ ወንዝ ለመዝለል የሸክሙ ክብደት፣ የጫማው ዓይነት፣ የመሬቱ እርጥበት ከየሠንጠረዡ ይፈለጋል፤ ከዚያ ካርታ ላይ ካሬ ይቆጠራል። እትየ አንብበው ጨረሱት፤ አልናቁትም። «ቁስል የሚድንበት ሕግ ከቀድሞው ይሻላል፤ እሱን እንውሰድ። የቀረው ለካርታ የተጻፈ እንጂ ለሰው አይደለም» አሉ። ሊቀ መንበሩ ግን ከሌላ ከተማ ክበብ ጋር ሊወዳደር አስቦ ኖሮ ሙሉውን ካልሆነ አለ።

በአዲሱ ሕግ ስንጫወት ተራዬ ደረሰ። «ሽፍታው የት ነው?» አልሁ።

«ካርታው ላይ» አለ አንዱ ተጫዋች።

«ካርታው ላይ የት?»

ሳቁብኝ። ሊቀ መንበሩ «ወንድሜ፣ አንተ እያዳመጥህ ተዝናና። ጨዋታውን ታዘገይብናለህ» አለኝ።

የእትየ ወንበር ወደ ኋላ ሲወድቅ ሰማሁ። «ሕግ የሚወጣው ሰው ሁሉ እንዲጫወት ነው ወይስ ሰው ለማስወጣት? እሱ የማይጫወትበትን ጨዋታ እኔ አልመራም!»

«እንግዲያው የክፍሉን ቁልፍ ያስረክቡ» አላቸው።

ራሳቸው ያቋቋሙትን ክበብ! ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩትና እጄን ይዘው ወጡ። አንድ ሰው እንኳ አልተከተለንም። ያን ቀን ከወንበራቸው ያልተነቃነቁት ናቸው እንግዲህ በቀብሩ ነጠላ አዘቅዝቀው ያለቀሱት።

ከዚያ ወዲያ ቤታቸው እንጫወት ጀመር፤ እኔ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋና የልብስ ሰፊዋ ባል። በኋላ ታመው ሕመሙ ሲጠናባቸውም ትራስ ተደግፈው ታሪኩን ይመሩን ነበር። ከክበቡ ሰው ደጃቸውን የረገጠ የለም። አንድ ቀን «አይናደዱም ወይ?» አልኋቸው። «እናደዳለሁ እንጂ! ቅዳሜዬን ግን ለንዴት አልሰጥም» አሉኝ።

እትየ፣ አንቱ ከሄዱ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። በሠልስትዎ ሊቀ መንበሩ መጥቶ ክበቡን በስምዎ ሊሰይሙት እንዳሰቡ ነገረኝ፤ የቅርብ ሰውዎ ነኝና እንድስማማለትም ለመነኝ። «መልካም፤ በመጪው ቅዳሜ ከእናንተ ጋር እጫወታለሁ» አልሁት። ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ እንኳ... ሕጉ አይመችም» አለ።

ስምዎን ከለከልሁት። አንቱ ቢሆኑ ምናልባት ይሰጡት ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ልበ ሰፊ ነበሩ። አፈሩ ይቅለልዎት፣ እትየ። አንቱ በሰላም ይረፉ፤ እኔ ግን ገና አልበረደልኝም።