ጥናት ሰብሳቢው ለቅሶ ሄደ

ሥራዬ እዚህ ደብረ ማርቆስ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ጥናት እየለመኑ መሰብሰብና ማንም ሰው በነፃ እንዲያነበው ድረ ገጽ ላይ መጫን ነው። «እየለመኑ» ያልኩት ወድጄ አይደለም። አንድ ዶክተር አሉ፤ ለገበሬው የሚጠቅም የአሲዳማ አፈር ጥናታቸውን ታቅፈው ዓመቱን ሙሉ «ነገ» ሲሉኝ ከረሙ። ቢሮ ስሄድ የሉም፤ ካፌ ሲያዩኝ ሻያቸውን ጥለው ይነሳሉ። አንድ ቀን እንዲያውም ባጃጅ ውስጥ አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ እኔ መቀመጤን አይተው መልሰው አወጡት።

ታዲያ በቀደም እናታቸው አርፈው አምበር ድረስ ሄድኩ። ማርያምን፣ ለለቅሶ ብቻ ነው የሄድኩት! ድንኳኑ በባልደረቦቻቸው ተሞልቷል። ዶክተሩ ሲያዩኝ ክው አሉ። ከዚያ ተነሥተው ጥምጥም አሉብኝ። እኔም እንባዬ መጣ።

«እግዜር ያጽናዎት ዶክተር» አልኩ።

«እዚህም መጣህ?» አሉ ጆሮዬ ሥር እየተንሰቀሰቁ።

«ኧረ እኔ ለለቅሶ ነው…»

«ተው እንጂ!» ከቁልፋቸው ላይ ፍላሽ ነቅለው እጄ ውስጥ ሸጎጡ። «ጥናቱ እዚህ ላይ አለ። ውሰደውና እናቴን በወጉ ላልቅስ።»

ድንኳኑ ሁሉ እጄን ያያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንደምንም ሾልኬ ስወጣ አንድ ሌላ መምህር፣ እሳቸውም ጥናታቸውን ሲከለክሉኝ የከረሙ ናቸው፣ እየሮጡ ደረሱብኝ። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ወንድሜ፣ የእኔ እናት ገና በሕይወት አለች። እባክህ አትምጣብኝ፤ ነገ ጠዋት ራሴ ቢሮህ አመጣዋለሁ» አሉኝ።