ማንአለሽ ገል ይዛ ገበያ የወጣች ቀን

ያ ኅዳር ገብሱን ሳይደርቅ ያጨድንበት ኅዳር ነው። ጦርነቱ ማዶ ለማዶ ሲመጣ ሲሄድ ሰንብቶ፣ ነገ ማሳው የማን እንደሚሆን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ሰዉ እርጥቡን ነዶ ከመረው። ብርዱ ትዝ አይለኝም፤ ቁጣው ነው ትዝ የሚለኝ። ጎረቤት ደህና አደርሽ ሲልሽ እንኳ የሚከስሽ ይመስል ነበር።

ማንአለሽ ያኔ እኔ ቤት ተከራይታ ነበር። የንፋስ መውጫ ልጅ፣ የታሪክ አስተማሪ። ስማዳ ተመድባ፣ ከወገዳ ወጣ ወዳለው ሰፈራችን በመጣች በዓመቱ ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ተዘጋ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሲሄዱ እሷ ቀረች። ያስቀረቻት ከማሳዬ ራስጌ ያለችው ጉብታ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች አርኪዮሎጂ የሚሉትን፣ የጥንት ሰው መሬት ውስጥ ትቶት የሄደውን ማጥናት ተምራለች። ጉብታው ላይ የጥንት ግንብ አለ አለችኝ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በግ ያሰርኩበትን ድንጋይ! ፈቃድ የለኝም ብላ አልቆፈረችም። ማረሻ የገለበጠውን የሸክላ ስባሪ ብቻ እየለቀመች ታጥባለች፤ የማሳውን ባለቤት ስም በቀለም ትጽፍበታለች። «ጌጤ» የሚል ስሜ ያለበት ገል አልጋዬ ሥር ሞልቶ ነበር።

አንድ ቀን የመንደሩ ታጣቂዎች አለቃ ይግዛው መጣ።

«የጉብታውን ድንጋይ ለምሽግ እንፈልገዋለን።»

«ጋሽ ይግዛው፣ ያ ግንብ አንዴ ከፈረሰ አይመለስም። ምን እንደሆነ ለሰዉ ላሳየውና ሰዉ ይፍረድ። አንድ ቅዳሜ ብቻ።»

«እኛ ሰው ስንቀብር አንቺ ገል ታሳያለሽ!» ብሎ ሳቀ። «እሺ። ገበያው ከፈረደልሽ ድንጋይ ከወንዝ እናግዛለን።»

ቅዳሜ ወገዳ ገበያ ማዳበሪያ አንጥፋ ገሎቹን ደረደረች። እኔም አብሬያት ወጣሁ። ሰዉ ከበባት።

«ወርቁንስ የት አደረግሽው?»

«ጉብታው ላይ የምትስዪውን ካርታ ለማን ነው የምትልኪው?»

«የተሰበረ እንስራ እኔም ቤት አለ፣ ነይ ልሽጥልሽ!»

አልተናደደችም። ዙሪያውን የጥፍር ምልክት ያለበት የእንስራ አንገት አነሣችና «ጥፍራችሁን አስገቡበት» አለች። አንዲት ሴት ሞከረች፤ ልኳ ሆነ። ሌላዋም ሞከረች። ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ። የምትረታ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ በደስታ፣ «ይኼ የእናንተው አያቶች እጅ ነው! እነሱ ናቸው የሠሩት!» አለች።

በእኛ አገር ሸክላ ሠሪን ቡዳ ይሉታል። አይጋቡትም፣ ማዕድ አይቀርቡትም። ገበያ ሲወጣም ለብቻው ዳር ነው የሚቀመጠው። ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ደስታዋ አስረሳት።

«የቡዳ ዘር ናችሁ አለችን!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«ኧረ እንዲያ አላልኩም! እጃቸው ባለሙያ ነበር ነው ያልኩት!»

«በዚህ ቀን ዘራችንን ልትሰድቢ መጣሽ?»

ዘወር ብላ አየችኝ። የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ እንደነበረች፣ ዘሯን ደብቃ ከእስቴ እንደተዳረች ለእሷ ብቻ ነግሬያት ነበር። ስሜን ብትጠራ ቁጣው ወደ እኔ ይዞር ነበር። አልጠራችኝም። እኔ ደግሞ «የእኔም አያት ሠርታለች፣ ምን ነውር አለው?» ብል፣ ለሽበቴ ሲሉ ይለዝቡ ነበር ይሆናል። አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

አንዱ ማዳበሪያውን በእግሩ ገለበጠው። ገሉን በጫማ ፈጩት። ይግዛው ከዳር ቆሞ፣ «ሰማሽ አይደል መምህርት? ተፈረደ» አለ።

ሰኞ ድንጋዩ ይነሣ ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እየሰደቧት፣ አጠገባቸው ቆማ እያንዳንዱን ረድፍ ሳይፈርስ በደብተሯ ሣለችው። ሐሙስ ጠዋት ደብተሯን በሻርፕ ጠቅልላ በእግሯ ተነሣች። «ደህና ይሁኑ እማማ» አለችኝ። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ንፋስ መውጫ በደህና መግባቷን ሰማሁ። ባለፈው ሚያዝያ የወንድሜ ልጅ ሜላት ደብረ ታቦር አግኝታታለች። ማንአለሽ ከእህቷ ቤት ተጠግታ ትኖራለች፣ ሥራ አልያዘችም። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም።