ሜዳውን የሞላነው እኛ ነን

የቀበሌያችን የእግር ኳስ ክለብ የተጫወተው እኛ ሴቶች ገለባ በጀርባችን ተሸክመን በሠራነው ሜዳ ላይ ነው። ሥራው ሲጀመር የክለቡ አባል ትሆናላችሁ ተባልን፤ ሲያልቅ ተከለከልን። በደሉ ይኸው ነው። ዛሬ የክለቡ ታሪክ ሲነሳ ስለ ግብ ጠባቂው፣ ስለ አሰልጣኙ፣ የሰቃን ቡድን ስላሸነፍንበት ቀን ብዙ ይወራል። ስለ እኛ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ብዙ መጻፍ አልችልበትም። ይህችን ግን ሳልጽፍ አልሞትም።

ቦታው ድሮ ረግረግ ነበር። ከጅማው መርካቶ ዝቅ ብሎ፣ ክረምት ከበጋ ውኃ የሚያቁር፣ አህያ ከገባችበት በገመድ ተጎትታ የምትወጣበት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እሁድ እሁድ ለልማት መውጣት ግዴታ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ከመስጊድ እስከ ቤተ ክርስቲያን የሚሰማ ሰው ነው። አንድ እሁድ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ረግረጉ ዳር ቆመና ክለብ እንደሚቋቋም ነገረን።

"ይህን ሜዳ የሠራ ሁሉ አባል ነው! አባል በስብሰባ እጁን አውጥቶ ይናገራል፤ የአባል ልጅ ሜዳው ላይ ያለ ከልካይ ይጫወታል!"

አጨበጨብን። በዚያ ዘመን ለሁሉም ነገር ይጨበጨባል፤ ያን ቀን ግን እኔ ከልቤ ነበር ያጨበጨብኩት። ሴት ልጄ ኳስ አፍቃሪ ነበረች። ከወንዶቹ ጋር መንገድ ላይ ስትራገጥ ጫማ አልበረክትላት ብሎ ተቸግሬ ነበር። አባቷ በሕይወት የለም፤ የአባልነት ካርድ የሚያወጣላት ወንድ በቤቴ አልነበረም። አባል ብሆን እኔው አወጣላታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ለረግረጉ አፈር የሚያመጣ መኪና የለም። የነበረው የቡና ገለባ ነው። አብዛኞቻችን ቡና ለቃሚዎች ነን፤ መጋዘን ቁጭ ብለን ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው የምንለይ። ከመጋዘኑ አጠገብ ባለው፣ ቡና በሚፈለፈልበት መቀሸሪያ ቤት ደጅ ገለባው እንደ ተራራ ተከምሮ ነበር፤ የሚፈልገው አልነበረም። በጆንያ እየሞላን በጀርባችን አመላለስነው። ወንዶቹስ? ወንዶቹ ቆመው "እዚህ ጋ ድፉት፣ ኧረ እዚያ ጋ" ይሉ ነበር። ገለባ አንገት ሥር ገብቶ ሲያሳክክ እንደሚያድር የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው።

እርጥብ ገለባ ሲከመር ይግላል። ጅማ ኖሮ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሜዳ ስንሠራ ግን ሁላችንም ረሳነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ ከሰቃ ልጆች ጋር ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ሜዳው እዚህም እዚያም ይጨሳል። የሰቃው አምበል አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ።

"ወላሂ ይሄ ሜዳ ይተነፍሳል! ከሥሩ ምን ቀብራችኋል?"

"ከናንተ በፊት የመጣውን ቡድን!" አለችው አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ።

ሰቃዎቹ ትኩስ ምጣድ ላይ እንደወጣ ሰው ሲዘሉ ዋሉ። የኛዎቹ ሲለማመዱበት ስለከረሙ ግለቱን ከምንም አልቆጠሩትም። አሸነፍን። ዛሬ ታሪክ የሚባለው ያ ቀን ነው።

ወዲያው የአባልነት ካርድ ሊታደል ስብሰባ ተጠራን። ስም ሲጠራ የወንድ ስም ብቻ ሆነ። አንዲት እፍኝ ገለባ ያልነካው የቀበሌው ጸሐፊ ሳይቀር ተጠራ። እጄን አወጣሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የኛ ካርድ የታለ?"

"አባልነት ኳስ ለሚጫወት ነው።"

"እርስዎ ይጫወታሉ?" አልኩት፣ ሆዱን እያየሁ።

"ኳሱን ውጦት ነው!" አለች ያቺው ጎረቤቴ ከኋላ። አዳራሹ ሙሉ አውካካ። እሱ አልሳቀም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ስብሰባ የሚበጠብጥ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።"

ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ፀረ አብዮት ነው የሚባለው። እጄን አወረድኩ።

በማግስቱ ልጄ እያለቀሰች መጣች። የሜዳው ዘበኛ "የአባል ልጅ ብቻ" ብሎ አባሯታል። እናቷ ከሞላችው ሜዳ!

ገለባ ግን ሊቀመንበር አይፈራም፤ ይበሰብሳል። በክረምቱ ሜዳው ሰመጠ፣ ግቡ ሥር ውኃ ተኛ። ከደዶ ቡድን ጋር ግጥሚያ ስለተያዘ ሴቶች ጆንያ ይዘው እንዲወጡ ታዘዘ። እኔ ቤት ለቤት ዞርኩ። ካርድ ሳንይዝ ጆንያ አናነሳም ብለን ተማማልን። እሁድ ሲደርስ አንዲት ሴት አልወጣችም። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያው ለእንቁራሪት ሲናገር ዋለ።

አጸፋው በቀበሌው ሱቅ በኩል መጣ። ለስኳርና ለሳሙና ስንሰለፍ፣ "ለልማት ያልወጣች ከሰልፉ ትውጣ" ተባለ። ጎረቤቴ ያኔ አራስ ነበረች።

"ሜ፣ እስቲ ተይኝ!" አለችኝ። "ያንቺ ልጅ ደርሳልሻለች። እኔ የልጄን ጨርቅ በምን ልጠበው? በካርድ?"

በሚቀጥለው እሁድ ጆንያዋን ይዛ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። አልፈረድኩባትም ብል ውሸት ነው፤ ፈርጄባታለሁ። እኔ አልወጣሁም። አብዮት ጠባቂ መጥቶ ወሰደኝና ቀበሌው ግቢ ፀሐይ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ስለቀቅ ሜዳው ተሞልቷል። ልጄም አንድም ቀን ሳትጫወትበት አደገች።

ደርግ ወደቀ። ክለቡ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ታስሮ ተፈታ። ሜዳው አሁንም አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰምጣል።

በቅርቡ ያቺ ጎረቤቴ ሞተች፤ አላህ ይማራት። ለቅሶዋ ላይ ሊቀመንበሩ ምርኩዙን ይዞ መጥቷል። ሴቶቹ ከተቀመጥንበት ድምፁ ይሰማኛል፤ ድምፁ አላረጀም። ለወጣቶቹ የክለቡን ታሪክ ያወራል። "እኛ እኮ ያን ረግረግ በጆንያ ተሸክመን ነው የሞላነው!" ይላል። የተሸከመችው ገና ዛሬ ነው አፈር የለበሰችው።

ተነስቼ ወደ ወንዶቹ ድንኳን ገባሁ። ዛሬ አንቱ አላልኩትም።

"አንተ፣ ለእኛ ካርዱን ለምን ከለከልከን?"

አንጋጦ አየኝ። የሸሸገው ነገር ያለ አይመስልም፤ ከልቡ ግራ የገባው ሰው ነው የሚመስለው።

"ማን ከለከላችሁ?" አለኝ። "ብትጠይቁ ኖሮ ይሰጣችሁ ነበር።"