ሁለት ጎርሶ ያልጠገበው ጠመንጃ

አጎቴ ከጄኔቭ ዙሪክ ድረስ በባቡር የመጡት እኔን ሊጠይቁ አልነበረም። ጠመንጃቸው ነገር ስላመጣባቸው ነው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰርቬት በሚባል የጄኔቭ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ሆቴል ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው ሐኪም ቤት ሲመላለሱ እሳቸው የሸክላ ዒላማ ተኩስ ጀመሩ። ከማሽን ተወርውራ እንደ ወፍ የምትበር ትንሽ ሳህን አለች፤ ጨዋታው እሷን አየር ላይ መምታት ነው። እውነተኛ ወፍማ አይታሰብም፤ ጄኔቭ ውስጥ አደን ከተከለከለ ቆይቷል። ጠመንጃው ከቱርክ የገባ፣ በራሱ እየጎረሰ የሚተኩስ የአደን ጠመንጃ ነው። ከክለባቸው አባል ሲገዙት ፈቃድ አውጥተው፣ ውል ፈርመው፣ ወረቀቱን ሁሉ በላስቲክ ሸፍነው አስቀምጠዋል። በወረቀት ጉዳይ ጋሼን የሚረታ ስዊዛዊ አላየሁም።

ጣጣው የመጣው ከኢንተርኔት ነው። አንድ መለዋወጫ ከውጭ አገር አዘዙ፤ ጥቅሉ ዙሪክ ጉምሩክ ላይ ተያዘ፤ "ቀርበው ያስረዱ" የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። በጀርመንኛ።

"በፈረንሳይኛ ለምን አያናግሯቸውም ጋሼ?" አልኳቸው በስልክ።

"የመሣሪያ ነገር በተውሶ ቋንቋ አይሆንም። አንድ ቃል ብሳሳት ወንበዴ ነው የምባለው። አንቺ አለሽልኝ አይደል?"

እኔ እዚህ ዙሪክ፣ ክሎተን አየር ማረፊያ የመንገደኛ ምግብ እያሸግሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ወሬው ስለ ዶሮና ስለ ሩዝ ከሆነ ጀርመንኛዬ አያሳፍርም። ጠመንጃ ግን በፊልም ካልሆነ አይቼ አላውቅም።

የጉምሩክ ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴትዮ ናት። ጥቅሉ ሳይከፈት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ምን እንደሆነና ለምን እንዳዘዙት ጠየቀች።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ካዝናው አነሰብኝ፤ ማስረዘሚያ ገዛሁ። ሌላ ነገር የለበትም በያት።"

እኔ የማውቀው ካዝና ገንዘብና ወርቅ የሚቆለፍበትን የብረት ሣጥን ነው። በጀርመንኛ ትሬዞር ይሉታል። ምንም ሳላመነታ "ትሬዞራቸው ጠቧቸው ማስፋፊያ ገዙ" ብዬ ተረጎምኩ።

የሴትዮዋ ፊት በራ። ጠመንጃቸውን ቆልፈው ማስቀመጣቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ባለ መሣሪያ ሁሉ እንደ እሳቸው ቢጠነቀቅ ሥራዋ በቀለላት ነበር አለች። እስክሪብቶዋን አንስታ መጻፍ ጀመረች። ጋሼም ፈገግ አሉ። እኔ በልቤ፣ አስተርጓሚነት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ እላለሁ።

"አንድ ጥያቄ ብቻ" አለች። "ከወለሉ ጋር በብሎን አስረውታል?"

"ካዝናውን ከወለሉ ጋር በብሎን አስረውታል ወይ ትላለች።"

ጋሼ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሴትዮዋን አዩ። "ታዲያ ጠመንጃውን እንዴት ላነሳው ነው?"

"ጠመንጃውን ምን አመጣው ጋሼ?"

"ካዝናው ያለው ጠመንጃው ላይ አይደለም እንዴ! ጥይት የሚጎርስበት!"

ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ብልስ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኛል፤ ሴትዮዋ እየጻፈችልን ነው። ጋሼ ግን ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣ "አስተካክይላት" አሉኝ ቆጣ ብለው። "ይሄን ሁሉ ወረቀት የሰበሰብኩት በመጨረሻ በውሸት ለመዳን አይደለም።"

ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ አስተካከልኩ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ጥቅሉን ከፍታ ጥቁር የብረት ቱቦ አወጣች። የበራው ፊት ጠፋ።

"ይህ ሲገጠም ስንት ይጎርሳል?"

ጋሼ በጣታቸው ቆጥረው ነገሯት። አንገቷን ነቀነቀች። "ጠመንጃዎ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ችግር የለበትም። ይህ ሲጨመርበት ግን በሕግ ዓይን ሌላ ጠመንጃ ይሆናል፤ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚጠየቀውም ከማዘዝዎ በፊት ነው።"

"ሻጩ 'ሕጋዊ ነው' ብሎ ጽፎበታል እኮ!"

"በእሱ አገር" አለች። ከዚያ ቱቦውን አስቀምጣ ጋሼን ትክ ብላ አየቻቸው። "በሸክላ ዒላማ ላይ ሁለት ጥይት ብቻ ነው የሚጎረሰው። ተጨማሪው ምን ያደርግልዎታል?"

ጋሼ ጫማቸውን አዩ። "ሁለቱንም ስለምስት ነው" አሉ በመጨረሻ።

ይህን ያለ ስህተት ተረጎምኩት። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ብታደርግም ሳቋ አመለጣት፤ ጋሼም ሳቁ። ለካ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ትተኩሳለች። ጋሼን አስቁማ፣ ጠመንጃ እንደያዙ እንዲሆኑ አደረገቻቸው። እሳቸው ደግሞ በር ሲያልፉ ጎንበስ የሚሉ ረጅም ሰው ናቸው። ክርናቸውን ገፋ አደረገችና ሲተኩሱ ጠመንጃው ጉንጫቸውን ይመታቸው እንደሆነ ጠየቀች።

"እንዴታ! በየሳምንቱ ነዋ!"

የእሷን ቀጣይ ቃል አላውቀውም ነበር። ትከሻዋን መታ መታ ስታደርግ ጋሼ ራሳቸው "ሰደፉን ነው" አሉኝ። ሰደፉ ለቁመታቸው ያጥራል አለች፤ ጥይት ቢጨምሩ ባይጨምሩ መሳታቸው አይቀርም። ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ሄደው ሰደፉ ጫፍ ላይ ወፍራም ላስቲክ ያስገጥሙ፤ ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። አፈሙዙን ግን ማንም እንዳያሳጥረው፤ እሱ ክልክል ነው።

ቱቦው ለሻጩ እንዲመለስ ጋሼ ፈረሙ። የፈረሙበትን ወረቀት ቅጂ ሳይቀበሉ ግን ከወንበሩ አልተነሡም።

ከወር በኋላ ደወሉልኝ። ላስቲኩ ተገጥሟል፤ ከሃያ አምስት ሳህን ዘጠኙን መትተዋል፤ ጉንጫቸውም ደኅና ነው። በጸደይ ልጠይቃቸው ስሄድ ክለባቸው ወሰዱኝና አሠልጣኙ አጠገቤ ቆሞ አንድ ጊዜ ተኮስኩ። ሳህኗ በሰላም መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን ቀኝ ትከሻዬ ሰማያዊ ሆኖ ወደምኖርበት ሽሊረን ተመለስኩ።

እሑድ በትንሿ ጉባኤያችን መዝሙር ሲጀመር ሁሉም ሁለት እጁን አነሣ፤ እኔ ግራዬን ብቻ። አጠገቤ የነበረች እህት ስንወጣ ያዝ አደረገችኝ።

"ቀኝ እጅሽን ምን ሆነሽ ነው? እንጸልይልሽ?"

"ተኩሼ ነው" አልኳት።

ጸለየችልኝ፤ ረዘም አድርጋ።