የቸኮሌት ትል

ይህ ኬክ ያስወጣኝ ከሱቄ የወረደ ቸኮሌትና የምግብ ፍላጎቴን ነው።

ወልድያ ላይ ኬክ መሥራት የጀመረችውን ልጄን ተማሪዎች የሚያስፈራ ኬክ አዘዟት። የቀለጠውን ቸኮሌት በስኳር ሽሮፕ ለውሳ ረጅም፣ ጠፍጣፋ ትል ሠራች። እጇ ላይ ሲያብረቀርቅ ሳይ ልቤ መርሳ ከተማ፣ አክስቴ ጓሮ ገባ።

ልጅ ሳለሁ ጥሬ ሥጋ በልቼ የኮሶ ትል ይዞኝ ነበር። አክስቴ መራራውን ኮሶ በጥብጣ፣ "ቢስሚላህ በልና ጨልጠው!" አለችኝ። ኮሶው ሆዴን ጠርጎ ሲያበቃ የወጣውን ትል በእንጨት እያገላበጠች፣ "ጭንቅላቱ የለም። ጌታው ካልወጣ ቤቱ አልተለቀቀም" አለች። ለወራት ሆዴ ውስጥ ተከራይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

"አባዬ፣ የመጀመሪያ ትዕዛዜ ነው፤ ቅመስልኝ" ብላ ልጄ ከትሉ ጭንቅላቱን ቆርሳ ዘረጋችልኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩ። "ማሻአላህ፣ ይጣፍጣል" አልኳት።

ትርፍ፣ የልጄ ሳቅ፤ ኪሳራ፣ ምሳና እራት።