ምንጣፉ ላይ የተፈታው ግራሞፎን

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ጌታሁን ሌላ አሮጌ ግራሞፎን ታቅፎ ገባ። ከቱም ከተማ ነው ያገኘሁት አለ። ስንተኛው እንደሆነ መጠየቅ ትቻለሁ። አማን ከተማ ያለው ቤታችን የመጣ እንግዳ የሚቀመጠው በግራሞፎን መለከትና በመለከት መካከል ተሸጉጦ ነው። "እንዲህ ያለው አይገኝም እኮ" ይለኛል። ሁሉንም እንዲህ ብሎ ነው ያስገባቸው።

በዚህ ስናደድ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ሳንጋባ በፊት የሆነው ነው።

ያኔ እሱ ሚዛን ተፈሪ መምህር ነበር፤ እኔ ቴፒ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። ሽማግሌ ቢልክ አባቴ፣ "ልጁን ራሱን ልየው፤ እሁድ ለምሳ አብሯችሁ ይምጣ" አለ። አባቴ ቃሉን የሚደግም ሰው አልነበረም።

እናቴ ዶሮ ሠራች፤ የኮረሪማው ሽታ ከመንገድ ይጠራ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የጅማው ነጋዴ አቶ ከማል፣ ሙስሊም ስለሆኑ ጎደሬ በቅቤ ለብቻቸው ተዘጋጀ። ሁሉም በሰዓቱ ደረሱ። ጌታሁን ብቻ የለም። ለካ ጌጫ ከተማ አንድ የሞቱ የቡና ነጋዴ ቤት ጥንታዊ ግራሞፎን አለ ቢሉት ቅዳሜውን ወደዚያ ወጥቷል። ያውም በክረምት፣ በዚያ ጭቃ።

ወጡ ቀዘቀዘ፣ ሞቀ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። እንግዶቹ በልተው ከታጠቡ በኋላ መጣ። የተሳፈረበት አይሱዙ ጭቃ ይዞት ኖሯል። እስከ ጉልበቱ ተለውሷል፤ እኔ የመረጥኩለትን አዲስ ኮት ለግራሞፎኑ አልብሶታል። እጅ ነሥቶ ተቀመጠና ብዙም ሳይቆይ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ውሃ ገብቶበታል፣ አሁን ካልተከፈተ ይዝጋል" ብሎ ካቻቢቴውን አወጣ። መልስ እንኳ አልጠበቀም። ምንጣፋችን ላይ ይፈታው ጀመር።

"ልጄን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ ቤቴን ጋራዥ ልታደርገው?" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

ጌታሁን ሊመልስ ቀና ሲል የግራሞፎኑ ጥምዝ ሞላ አምልጦ ተዘረገፈ፤ ጥቁር ግራሶውንም በአቶ ከማል ነጭ ጀለብያ ላይ ረጨው።

"ምንም አይደል፣ ልጄ" አሉ አቶ ከማል። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ተነሣ። "ይህን ዕቃህን ጨርስና ና" አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ አማላጅ ይልካል። ጌታሁን ግን እንደተባለው ሊጨርስ ሄደ። ክረምቱ አለቀ፤ ቡናው መቅላት ጀመረ፤ እሱ ድምፁ የለም። አንድ ጠዋት በቃኝ ብዬ ቁርጡን ልነግረው ሚዛን ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፎ ብረት ሲሞርድ አገኘሁት።

"ጨርስና ና ተብዬ የለ?" አለኝ፣ እንደ ደህና ነገር። "የሞላው ጫፍ ተሰብሮ ነው። ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"አሁን ተነሥተህ አብረኸኝ ቴፒ ካልሄድክ፣ ቀስ ብለህ ዕድሜህን ሙሉ ጨርሰው" አልኩት።

ሞረዱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ሁሉንም እንደተበተነ ትቶ ተነሣ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ አውቶብስ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ስለ ግራሞፎን አልተነፈሰም።

አባቴ የጠቆረ እጁን አይቶ፣ "ጨረስክ?" አለው።

"አልጨረስኩም ጋሼ። ትቼው ነው የመጣሁት።"

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። ምሳ ይቅረብለት አለ።

ከዚያ ወዲህ የጀመረውን አቋርጦ ሲነሣ አላየሁትም። ብጠራው "መጣሁ" ይላል፤ አይመጣም። ትዕግሥቴ ዛሬም ያልቃል። ልጃችን "እንዴት ቻልሽው?" ስትለኝ የዚያን ቀን አውቶብስ እነግራታለሁ።

"አንድ ቀን ብቻ?" ትለኛለች።

አንድ ቀን ብቻ። ግን ባይነሣ ኖሮ ጥዬው የምሄድበት ቀን ያ ነበር።